ከቃሉ መሸሽና ለቃሉ መታዘዝ፦ በነነዌ ጾም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጾመ ነነዌ የሚገባበት ቀን በየዓመቱ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ይመላለሳል። በገባ ጊዜ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ሦስቱን ቀን፣ ድሬዳዋ ላይ ደብራችን በሥራ ቀን ይሞላል። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሰው ቀደም ብሎ መጥቶ ጥላ ይይዛል፤ እኔም በሰንበት ትምህርት ቤት ስለማገለግል ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ድሬ ነውና “አንቱ” የሚለኝ የለም። ልጁም ባልቴቷም “ስማ እስቲ አንተ” ብለው ነው የሚጀምሩት። በጸሎት ፈጣሪያችንንም “አንተ” ስለምንለው ይህ የከተማችን ጠባይ ለእንዲህ ያለው ጨዋታ ይስማማል እላለሁ።

ከዓመት ዓመት የሚመላለሱትን ጥያቄዎች እዚህ ጽፌአቸዋለሁ። ትንቢተ ዮናስን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ 4 ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር ብቻ ነው፣ ቅዳሴው እስኪገባ ያልቃል። የራሳችሁን ጉዳይ ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ዮናስ የሸሸው ነነዌን ፈርቶ ነው?

ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ግን መርከብ ላይ ሆኖ “አንሥታችሁ ወደ ባሕር ጣሉኝ” ያለ ሰው ሞት ፈሪ አይደለም። ምክንያቱን ራሱ ዮናስ በምዕራፍ 4 ይናገራል። ነነዌ ምሕረት ካገኘች በኋላ ተቆጥቶ ሲጸልይ፣ አንተ ቸርና ይቅር ባይ፣ ቁጣህ የዘገየ አምላክ እንደሆንህ ስለማውቅ ነው ቀድሜ ወደ ተርሴስ የኮበለልኩት ይላል። ነነዌ የአሦር ከተማ ናት፤ ፍርስራሿ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ፣ ሞሱል አጠገብ፣ በጤግሮስ ዳር ይገኛል። አሦር ኋላ ሰማርያን አፍርሳ ሕዝቡን የማረከች መንግሥት ናት። እንዲህ ያለ ጠላት ይቅር ሲባል ማየት ነው ዮናስን ያቃተው።

ይህን የማነሣው አንድ ነገር ስለሚያሳየን ነው። ዮናስ ቃሉ ሳይገባው ቀርቶ አልሸሸም። ገብቶት፣ ወዴት እንደሚያደርሰው አውቆ፣ ጥርት አድርጎ ሰምቶ ነው የሸሸው። እኛም የምንሸሸው ለመረዳት የሚከብደንን ክፍል ሳይሆን ለኑሮ የሚከብደንን ክፍል ነው።

ሌላም አለ። “ወረደ” የሚለውን ቃል ተከተሉት። ወደ ኢዮጴ ወረደ፤ ወደ መርከቡ ውስጠኛ ክፍል ወረደ፤ በምዕራፍ 2 እስከ ተራሮች መሠረት ወረደ። ከሐረር በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ድሬ የሚመጣ መኪና የተሳፈረ ይህ ይገባዋል። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ አያቃስትም፣ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር የለም፤ ዝቅ ማለትህን የሚነግርህ ሙቀቱ ብቻ ነው። ዮናስ ደግሞ በነፃ አልተሳፈረም፤ “ዋጋ ሰጥቶ” ይላል መጽሐፉ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ የወለዳት ከተማ ናት፤ ቲኬት ቆርጦ መጥፋት ምን እንደሆነ ከአያቶቻችን ጀምሮ እናውቃለን። ዮናስም የመሳፈሪያውን ከፈለ፤ ተርሴስን ግን አላያትም።

“እኔ ጾም አልሽርም፣ ቅዳሴ አልቀርም። ታዲያ ከምን ሸሸሁ?”

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ቶሎ አልመልስም። የራሴ ጥያቄ ነበር።

መርከበኞቹ “ከወዴት ነህ?” ሲሉት ዮናስ “እኔ ዕብራዊ ነኝ፤ ባሕሩንና የብሱን የፈጠረውን የሰማይን አምላክ እግዚአብሔርን አመልካለሁ” አላቸው። ሃይማኖቱ ቀና ነው፤ አንዲት ቃል አልሳተም። ይህን ሲናገር ግን እየኮበለለ ነው። ንጉሥ ሳኦልም ከአማሌቅ ዘመቻ ሲመለስ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ ብሎ ሳሙኤልን ተቀበለው፤ ከኋላው ግን አጥፋ የተባላቸው በጎች ይጮኹ ነበር። ሲጠየቅ ለመሥዋዕት ነው ያመጣናቸው አለ። ሳሙኤልም “መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል” አለው። ለመሸሸጊያ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚመች ቦታ የለም፤ ማንም እዚያ ገብቶ አይፈልግህም።

እናታችን ካረፈች በኋላ ገንደ ቆሬ ያለው ቤቷ በእኔና በታላቅ ወንድሜ መካከል ገባ። ማን እንደጀመረው እዚህ አልጽፍም። እኔ የተናገርኩትን ግን አውቀዋለሁ፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ተናገርኩት። ወንድሜ የሚኖረው ሐረር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት አልተነጋገርንም። በእነዚያ አራት ዓመታት አንድም የእሑድ ጉባኤ አላጓደልኩም። ልጆች አስተምር፣ መዝሙር አስጠና፣ የጽዋ ማኅበሩን ገንዘብ እይዝ ነበር። የማቴዎስ ምዕራፍ 5 ተራ ሲደርስ ግን፣ “መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ” የሚለው ጋ ሲደርስ፣ ትምህርቱን ለሌላ መምህር አሳልፌ እሰጣለሁ። ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። በሦስተኛው አንድ ትንሽ ልጅ “ይቺን ምዕራፍ አንተ ለምን አታስተምረንም?” አለኝ። “አሞኝ ነው” አልኩት። በጤናዬ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ለማስተምረው ልጅ ዋሸሁ።

ስለዚህ ለጠያቂዎቼ ጾሙንም ቅዳሴውንም አትተዉ እላለሁ። ቃሉ ሲነበብ ግን ዓይናችሁ የሚሰበርበት፣ ልባችሁ “ይሄ እንኳ ለእገሌ ነው” ብሎ የሚቸኩልበት ክፍል ካለ፣ እዚያ ጋ ቁሙ። “ይህን ክፍል እንዳልሸሸው እርዱኝ” ብሎ አስቀድሞ የመጣ ሰው አላውቅም፤ ሁሉም መሸሹን የሚያውቀው ሸሽቶ ሲደክም ነው።

“እግዚአብሔር የነገረኝና የራሴ ሐሳብ በምን ይለያል?”

አብዛኛው ልንታዘዘው የሚገባን ነገር ተጽፏል፤ ድምፅ መጠበቅ አያስፈልገውም። የተበደርከውን ለመመለስ ራእይ አትጠብቅ።

ያልተጻፈው፣ ትዳር፣ ሥራ፣ ምንኩስና ሲሆን ግን ሕፃኑን ሳሙኤልን አስቡት። በሌሊት ሲጠራ ድምፁን አላወቀውም፤ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ነው የሮጠው። ዔሊ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ልጆቹን ያልገሠጸ ካህን ነበር፤ ቢሆንም “ባሪያህ ይሰማልና ተናገር” እንዲል ያስተማረው እርሱ ነው። እናንተም ንስሐ አባታችሁ ፍጹም እስኪሆኑ አትጠብቁ፤ ሄዳችሁ ንገሯቸው። በተረፈ “ለአንተ ተነግሮኛልና ይህን ያህል ብር አምጣ” የሚል ሰው ከመጣ ለእሱ እምቢ ማለት ከቃሉ መሸሽ አይደለም። ሐዋርያት “ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል” ያሉት እንዲህ ላለውም ጊዜ ይሠራል።

“ለቁልቢ ተስያለሁ። ስለቴን ካደረስኩ ታዘዝኩ ማለት ነው?”

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ ከተማችን ምን እንደምትመስል ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። ቤቱ ሁሉ በእንግዳ ይሞላል፤ በእግር የተሳለው ሌሊቱን ዳገቱን ሲወጣ ያድራል። ራስ መኮንን ወዳሠሩት ደብር ጃንጥላውም ሰንጋውም ይገባል። ስለት ማድረስ ግዴታ ነው፤ መክብብ በምዕራፍ 5 ለእግዚአብሔር የተሳልከውን ለመፈጸም አትዘግይ ይላል።

ግን የታኅሣሥ 19 በዓል ራሱ የምን መታሰቢያ እንደሆነ እናስብ። ሦስቱ ወጣቶች፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ ከባቢሎን እቶን የዳኑበት ነው። ናቡከደነፆር ላቆመው የወርቅ ምስል ስገዱ ሲላቸው፣ አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለው ደግሞ ባያድነንም አንሰግድም አሉት። ይቺን “ባያድነንም” ወደ ቁልቢ በሄድኩ ቁጥር ይዤያት እወጣለሁ። የእኛ ስለት “ብታደርግልኝ” ብሎ ይጀምራል፤ እነሱ “ባታደርግልንም” ብለው ነው እሳት ውስጥ የገቡት። ልጇ ከዓረብ አገር በሰላም እንድትመለስላት የምትሳል እናት አትነቀፍም፤ እግዚአብሔር እንባዋን ያያል። እኔ የምሰጋው ጃንጥላው ሌላ ነገር እንዲሸፍን ሲደረግ ነው። የቤት ሠራተኛውን የሦስት ወር ደመወዝ ይዞ ለቁልቢ በሬ የሚነዳ ሰው ካለ የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 ያንብብ፤ የተከለከለው ደመወዝ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል። መጀመሪያ ልጅቷን ይክፈላት። ከዚያ መንገዱን ያቅናለት።

“የሚደርስብኝ መከራ ሁሉ ከቃሉ ስለሸሸሁ ነው?”

አይደለም። ይህን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምለው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የከተማችን ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ሬሳው ከአሸዋው ገና ሳይወጣ “የኃጢአታችን ዋጋ ነው” ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችም ሰምተውታል። ጌታ ግን በሉቃስ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ሲያነሣ፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ይጠይቅና “አይደለም” ብሎ ራሱ ይመልሳል። ንስሐ ግቡ ያለው ቆመው ያዳምጡት ለነበሩት ነው፤ ሟቾቹን አልከሰሳቸውም።

ዮናስ ማዕበሉ በእኔ ምክንያት ነው ያለው ስለ ራሱ ነው። መርከበኞቹን አልወቀሰም። አንተም የራስህን ማዕበል ከእግዚአብሔር ጋር መርምረው። በጎረቤትህ ላይ የመጣውን ግን በገመድና በእንጀራ ድረስለት፤ ሌላውን ለፈጣሪው ተውለት።

“መሸሽ ሁልጊዜ ኃጢአት ነው? ባሏ የሚደበድባት ሴት ‘ታገሺ፣ ታዘዢ’ ስትባልስ?”

ይህን የጠየቀችኝ ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ነበር። እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ዮሴፍ ልብሱን በጲጥፋራ ሚስት እጅ ትቶ ሸሸ። ዳዊት ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ሸሸ፤ በዚያች ሌሊት ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት ነው ያወረደችው። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር አልተቆጣውም፤ ተኛ፣ እንጎቻና ውኃ መጣለት፣ በላ፣ እንደገና ተኛ። ጌታም ሕፃን ሳለ በእናቱ እቅፍ ተሰዷል፤ “ሕፃኑንና እናቱንም ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ” ብሎ ዮሴፍን ያዘዘው መልአክ ነው። እዚያ ላይ ባይሸሹ ነበር አለመታዘዝ የሚሆነው። ዮናስ የሸሸው ከእግዚአብሔር ፊት ነው፤ እነዚህ የሸሹት ከገዳይና ከክፋት ነው፤ ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ስብከት ሰው ያስገድላል።

እህቴ፣ እጅ ከተነሣብሽ ውጪ። ለቤተሰብሽ፣ ለንስሐ አባትሽ፣ ለፖሊስ ተናገሪ። “መጽሐፍ ታዘዢ ይላል” የሚልሽ ሰው ኤፌሶን ምዕራፍ 5ን ግማሹን ነው ያነበበው። ባሎች ሚስቶቻቸውን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደደ ይውደዱ ይላል፤ እርሱ ደግሞ የወደዳት ራሱን ስለ እርስዋ አሳልፎ በመስጠት ነው።

“ቀፊራ ነው የምነግደው። ሁሉም ሚዛን ያበላሻል፤ እኔ ብቻዬን ቀጥ ብዬ ልክሰር?”

“አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው” ይላል ምሳሌ 11። ለዚህ ረጅም ስብከት የለኝም። መጥምቁ ዮሐንስም ለቀራጮች ረጅም ነገር አልተናገረም፤ “ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ” ብቻ አላቸው። ትከስር እንደሆነ ትከስራለህ፤ አትከስርም ብዬ ቃል አልገባልህም።

እንዲህ ብዬ የመለስኩለት አንድ ነጋዴ ሚዛኑን አስተካከለ። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣና “አንድ ደንበኛ እንኳ አላወቀልኝም” አለኝ፤ ከፍቶታል። እውነቱን ነው፤ አንድ ኪሎ ከፍላ አንድ ኪሎ ይዛ የሄደችው እናትም አላወቀችም። ሽንኩርቱ ግን ለልጆቿ ደርሷል።

“ወደ ውጭ ለመሄድ እያሰብኩ ነው። ከጥሪ መሸሽ ይሆንብኛል?”

መሄድ ለብቻው መሸሽ አይደለም፤ አብርሃምም የወጣው ታዝዞ ነው። ማንን ትተህ ነው የምትሄደው? ያረገዘችልህ ልጅ፣ የታመመች እናት፣ ያልከፈልከው ሰው ከኋላህ ካለ ኢዮጴ ወደብ ላይ ቆመሃል። በጅቡቲ በኩል በጀልባ ስለሚሄዱበት መንገድ ግን አስተያየት ሳይሆን ልመና ነው ያለኝ፦ አትሂድ። ባሕሩ ያስቀራቸው ልጆች እናቶች በእኛ ግቢ ነው የሚያለቅሱት።

“ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ሸሸብኝ። ምን ላድርግ?”

እራቱን አቆዪለት። ሲመጣ መጀመሪያ አብዪው፣ ጥያቄው ይቆይ። በመዝሙረ ዳዊት 139 “ከመንፈስህ ወዴት እሄዳለሁ? ከፊትህስ ወዴት እሸሻለሁ?” ተብሏል፤ አንቺ የማትደርሺበት ቦታ እርሱ አስቀድሞ አለ። አናሲሞስም ከጌታው ከፊልሞና ቤት ርቆ ሄዶ ጳውሎስን ያገኘው እስር ቤት ነው። የተመለሰው በቁጣ አይደለም፤ ጳውሎስ ለፊልሞና “በፍቅር ተቀበለው” ብሎ የጻፈለትን ደብዳቤ በእጁ ይዞ ነው።

“ልቤ ሳይወድ ብታዘዝ ግብዝነት አይሆንም?”

አይሆንም። በማቴዎስ 21 አባትየው ሁለቱን ልጆች ወደ ወይኑ አትክልት ሂዱ ሲላቸው አንዱ “እሺ ጌታዬ” ብሎ ቀረ፤ ሌላው “አልወድም” ብሎ ኋላ ተጸጽቶ ሄደ። የአባቱን ፈቃድ ያደረገው የሄደው ነው ተባለ። ጌታችን በጌቴሴማኒ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ ብሎ ለምኗል፤ ላቡ እንደ ደም ወዝ ነበር፤ ጨርሶም “የእኔ ፈቃድ አይሁን እንጂ የአንተ ይሁን” አለ። የሚንቀጠቀጥ ሰው ግብዝ አይባልም።

ዮናስም ነነዌ የገባው ፊቱ ጠቁሮ ነው። የሰበከው ስብከት አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፣ ተስፋ የሚባል የለባትም። ንጉሡ ግን ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ተቀመጠ፤ ከብቱ ሳይቀር ማቅ ለበሰ። ልብ ብዙ ጊዜ እግርን ተከትሎ ነው የሚመጣው፤ የዮናስ ልብ መጽሐፉ እስኪያልቅ አልመጣም፤ እግዚአብሔርም ከቅሉ ሥር ተቀምጦ ያኮረፈውን ነቢይ እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ ያናግረዋል።

“ስንት ዓመት ሸሽቻለሁ። አሁን አልረፈደም?”

ምዕራፍ 3 ቁጥር 1፦ “የእግዚአብሔርም ቃል ሁለተኛ ጊዜ ወደ ዮናስ መጣ።” ያው ቃል ነው፤ አልቀለለም፣ አልተለወጠም። ስለ መርከቡ አንድ ወቀሳ የለበትም።

“አንተስ? ከወንድምህ ጋር ታረቅክ?”

ይህን የሚጠይቁኝ ልጆቹ ናቸው፤ ማቴዎስ 5ን አሁን ራሴ ስለማስተምራቸው ታሪኩን ያውቁታል።

ሐረር ከድሬ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ሚኒባስ ተሳፍሬ መናኸሪያው ድረስ ሄድኩ፤ ሻይ ጠጣሁና ተመለስኩ። ሁለተኛው ጊዜ በሩን አንኳኳሁ። ሚስቱ ከፍታ “የለም” አለችኝ፤ ጫማው ግን ደጃፉ ላይ ነበር። ያን ቀን ደንገጎን ስወርድ፣ ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ ሄጃለሁ፣ እምቢ ያለው እሱ ነው፣ ከእንግዲህ ማቴዎስ 5 አይነካኝም ብዬ። ንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ “ይቅርታ ልትጠይቅ ነው የሄድከው ወይስ ምስክር ልትቆጥር?” አሉኝ።

ሦስተኛው በጾመ ነነዌ ማግሥት፣ ሐሙስ ቀን ነበር። ራሱ ከፈተልኝ። ለቅሶ ቤት የተናገርኩትን ቃል በቃል ደገምኩለትና “ይህን ብዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ” አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ “ሸብተሃል” አለኝ። ሚስቱ ቡና አፈላች፤ እስከ በረካ ጠጣን። የእናታችንን ቤት ነገር እስከ ዛሬ አላነሣነውም፤ እሱም ወደ ድሬ አንድ ቀን አልወረደም። እኔ በየበዓሉ እወጣለሁ። ዘንድሮ ፋሲካን እነሱ ጋ እንደምውል ስነግረው “ልጆቹንም ይዘህ ና” ብሎኛል።